የፖርቱጋል ከተማ ባንዲራና አርማ አሠራር፦ ከጋሻው ሥዕል እስከ ጨርቁ ቅምቅማት

በሰሜን ሸዋ የፖርቱጋል ስም እንግዳ አይደለም። ደብረ ሊባኖስ የሄደ ሰው የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውን ሳያይ አይመለስም። የታሪክ መምህራንም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አገራችን መጥቶ በዚሁ ስለቀረው ስለ ፔሮ ዳ ኮቪልያ፣ በ1520 እ.ኤ.አ. ስለመጣው ልዑክና አብሮት ስለነበረው ስለ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያስተምራሉ። ለትምህርት ቤት በዓል፣ ለኤግዚቢሽን ወይም ለእንግዳ አቀባበል «የፖርቱጋል ከተማ ባንዲራ ስፉልን» የሚል ትእዛዝ ደብረ ብርሃን ወይም ፍቼ ያለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቢመጣ አይገርምም።

ትእዛዙ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሁለት ቀለም፣ መሀሉ ላይ አንድ ሥዕል። ነገር ግን በፖርቱጋል ሥርዓት የቀለሙ አከፋፈልም የዘውዱ ማማ ብዛትም የከተማውን ደረጃ ይናገራል። አንዲት ማማ ከጎደለች ከተማውን ከደረጃው አውርዳችሁታል ማለት ነው። ስለዚህ መቀስ ከመነሣቱ በፊት አርማውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ትእዛዝ ተቀባዩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የየትኛው ከተማ?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ «የዛሬው ነው የጥንቱ?» ይላል። ፖርቱጋል 308 ማዘጋጃ ቤቶች አሏት። አርማዎቻቸው ዛሬ የያዙት አንድ ወጥ መልክ የመጣው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1930 በወጣ ሰርኩላር ነው፤ አሁን የሚሠራበት ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 የወጣው ቁጥር 53/91 ነው። ስለ ክርስቶፎር ዳ ጋማና ስለ 1541 እ.ኤ.አ. ዘመቻ በሚሠራ ድራማ ላይ የግንብ ዘውድ ያለበትን የዛሬውን የሊዝበን ባንዲራ ማውለብለብ የ400 ዓመት ስሕተት ነው። ለዚያ ዘመን የሚሆነው የክርስቶስ ፈረሰኞች ማኅበር መስቀል ነው፦ ነጭ ጨርቅ ላይ ቀይ መስቀል፣ በቀዩ ውስጥ ደግሞ ቀጭን ነጭ መስቀል። እሱ ከታዘዘ ሥራው በግማሽ ቀን ያልቃል። ከዚህ በታች ያለው ስለ ዛሬው ባንዲራ ነው።

ዘውዱን መቁጠር

አርማው ሦስት ክፍል አለው፤ ጋሻ፣ ከጋሻው በላይ የግንብ ዘውድ፣ ከጋሻው በታች ጽሑፍ ያለበት ሪባን። ደረጃ የሚነበበው ከዘውዱ ነው። ዋና ከተማዋ ሊዝበን 5 ማማ ያለው የወርቅ ዘውድ አላት። ሌሎቹ ከተሞች 5 ማማ ያለው የብር ዘውድ ይደፋሉ። ከከተማ በታች ያለው፣ ቪላ የሚባለው ደረጃ 4 ማማ ያለው የብር ዘውድ አለው። የእኛን ቀበሌ የሚመስለው ፍሬጌዚያ ብዙውን ጊዜ 3 ማማ ያለው የብር ነው። ሲንትራና ካሽካይሽ ስማቸው በዓለም የታወቀ ቢሆንም ደረጃቸው ቪላ ስለሆነ ዘውዳቸው ባለ 4 ነው፤ «ትልቅ ከተማ ነው» ብሎ ማማ መጨመር አይቻልም።

የሚቆጠረው ማማው ነው እንጂ በማማው ጫፍ ላይ ያሉት የግንብ ጥርሶች አይደሉም። ሠዓሊዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ማማ 3 ጥርስ ስለሚኖረው ከትንሽ ምስል ላይ ሲቀዳ ጥርሱ ማማ፣ ማማው ጥርስ ይሆናል። ምስሉን አጉልታችሁ የማማዎቹን መስኮቶች ወይም በሮች ብትቆጥሩ አትሳሳቱም። 5 ሲሆን አንዱ ማማ ልክ በጋሻው መካከል ይቆማል፤ 4 ሲሆን ግን መካከሉ ላይ የሚውለው በሁለት ማማዎች መሀል ያለው ቅጥር ነው። ይህን ያወቀ ሰው ከሩቅም ይለያቸዋል።

የባንዲራው ጨርቅም ከዚሁ ደረጃ ጋር ይሄዳል። የከተማ ባንዲራ ከመሀሉ ወደ ዳር በሚወጡ መስመሮች ለ8 ተከፍሎ ሁለት ቀለም እየተፈራረቀ ይሰፋል። የቪላ ባንዲራ ለ4 ይከፈላል ወይም አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። አንድ ቪላ ወደ ከተማነት ሲያድግ ዘውዱም ባንዲራውም አብሮ ይቀየራል፤ ብዙ ቪላዎችም እንዲህ አድገዋል። ስለዚህ ደንበኛው ያመጣው ፎቶ የቆየ ከሆነ ማማውና አከፋፈሉ መስማማታቸውን ተመልከቱ። ባለ 4 ማማ ዘውድ በ8 በተከፈለ ጨርቅ ላይ ካያችሁ አንዱ ስሕተት ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ አሁን በሚጠቀምበት ምስል ሳታረጋግጡ ሥራ አትጀምሩ።

ጨርቁ ሁለት ቀለም የሚያገኘው ከአርማው ነው፤ ብር ነጭ፣ ወርቅ ቢጫ ይሆናል። ሆኖም የጋሻውን መደብ አይቶ የጨርቁን ቀለም መገመት አይቻልም። የኮይምብራ ጋሻ መደቡ ቀይ ነው፤ ባንዲራዋ ግን ቢጫና ሐምራዊ ነው። የሊዝበን ጋሻ መደቡ ወርቅ ነው፤ ባንዲራዋ ጥቁርና ነጭ ነው። የሊዝበንን አከፋፈል ሰሜን አፍሪካ ዳርቻ ላይ ያለችው ሴውታም ትጠቀምበታለች፤ ፖርቱጋሎች በ1415 እ.ኤ.አ. ስለያዟት የቀረ ነው፤ ዛሬ የስፔን ከተማ ናት። በመሀል ያለው አርማ ግን ሌላ ነው። ከኢንተርኔት ጥቁርና ነጭ ባንዲራ ስታወርዱ መሀሉ ላይ መርከብ መኖሩን አረጋግጡ፤ መርከብ ከሌለው የሴውታን ባንዲራ ልትሰፉ ነው።

ጋሻውን መሣል

የፖርቱጋል ጋሻ ከታች ክብ ነው። ሹል የሆነ ታች ያለው ጋሻ ከሌላ አገር የተቀዳ ነው። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ከፈለጋችሁ 20 በ14 የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ፤ ከታችኛው ጠርዝ መካከል ላይ ኮምፓስ ተክላችሁ በ10 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ግማሽ ክብ ጨምሩ። ቁመቱ 24 ይሆናል፤ 5 ለ6 ማለት ነው። ዘውዱ ከጋሻው ወርድ ትንሽ ቢጠብ፣ ቁመቱም የጋሻው ሲሶ ያህል ቢሆን ያምራል። በጋሻውና በዘውዱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ፤ ከተነካኩ ከሩቅ አንድ ድፍን ነገር ይሆናሉ።

ቀኝና ግራ ላይ ተጠንቀቁ። በአርማ ሥርዓት «ቀኝ» የሚባለው ጋሻውን የያዘው ሰው ቀኝ ነው፤ ለተመልካች ግራ ይሆናል። ከጽሑፍ መግለጫ ተነሥቶ የሚሥል ሰው ይህን ካላወቀ አርማው በሙሉ ይገለበጥበታል።

ሁለተኛው ደንብ የቀለም ነው። ወርቅና ብር በአንድ ወገን ናቸው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁርና ሐምራዊ በሌላ ወገን። ከአንዱ ወገን የሆነ ምስል በዚያው ወገን ቀለም ላይ አይደረብም፤ ቢጫ በነጭ ላይ፣ ሰማያዊ በጥቁር ላይ ከሩቅ አይታይምና። ምስሉ ደብዝዞ ጥላ ያለበት ቦታ ቀለሙ ካልገባችሁ በዚህ ደንብ አመዛዝኑት።

ማኅተም ወይም ጥቁርና ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ሲሆን ቀለሙ በመስመር ይገለጻል፦ ወርቅ በነጠብጣብ፣ ብር ባዶ፣ ቀይ ከላይ ወደ ታች በሚወርዱ መስመሮች፣ ሰማያዊ በአግድም መስመሮች፣ ጥቁር በአግድምና በቁም በተሻገሩ መስመሮች፣ አረንጓዴ ከተመልካቹ ግራ ላይ ተነሥቶ ወደ ቀኝ በሚወርድ ሰያፍ፣ ሐምራዊ በተቃራኒው ሰያፍ። የማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም ራሱ ግን ክብ ሆኖ፣ ምስሎቹ ያለ ቀለም ምልክት መሀል ላይ ተቀምጠው፣ ስሙ ዙሪያውን የሚጻፍበት ነው፤ እዚያ ላይ መስመሮቹን አትጨምሩ።

የሊዝበን ጋሻ በቅርበት

ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የሊዝበን ስለሆነ ዝርዝሩን ማወቅ ይጠቅማል። መደቡ ወርቅ፣ ማለትም ቢጫ ነው። በላዩ መርከብ አለ፤ ውጪው ጥቁር ሆኖ በብር መስመር የተቀረጸ፣ ውስጡ ብር ሆኖ በጥቁር መስመር የተቀረጸ። ምሰሶውና ገመዱ ጥቁር ነው። ሸራው ብር ሲሆን ተጠቅልሎ የታሰረ ነው፤ በገመድ ሲታሰር 5 ቦታ ይነፋል። ነፋስ የሞላው የተዘረጋ ሸራ የሚሥሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። መርከቡ የቆመበት ባሕር 7 ሞገደኛ ሰቅ አለው፤ 4 አረንጓዴ፣ 3 ብር። ሰቆቹ የሚጀምሩትም የሚጨርሱትም በአረንጓዴ ነው። ሰማያዊ ባሕር መሥራት የለመደ እጅ ካለ እዚህ ላይ ይታገሥ።

በመርከቡ አፍንጫና በመርከቡ ጀርባ ላይ ሁለት ቁራዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ነገሩ የቅዱስ ቪንሴንት ትውፊት ነው፤ በ1173 እ.ኤ.አ. አፅሙ ከደቡብ የባሕር ዳርቻ በመርከብ ወደ ሊዝበን ሲመጣ ቁራዎች እየጠበቁት አብረው መጡ ይባላል። እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ሠዓሊ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በአንኮበርና በደብረ ሊባኖስ ገደል በየቀኑ የምናየው ቁራ መንቁሩ ወፍራምና ቆልማማ ነው፤ ማጅራቱ ላይም ነጭ ምልክት አለው። እጅ የሚያውቀውን ይሥላልና ያ ነጭ ምልክት ሳይታወቅ ሊዝበን ቁራ ላይ ይገባል። የሊዝበን ቁራ ድፍን ጥቁር ነው፤ መንቁሩም ቀጥ ያለና ቀጠን ያለ ነው። ክንፉን ዘርግቶም አይበርም፤ ቆሟል። በ20 ሳንቲ ሜትር ጋሻ ላይ ቁራው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ዓይኑን በአንዲት ነጭ ስፌት ብቻ አሳዩት፤ ከዚያ በላይ ዝርዝር ከመሬት አይታይም።

ጋሻውን ማማና ሰይፍ ያለበት የክብር ሰንሰለት ይከብበዋል፤ የማማና የሰይፍ ኒሻን ነው። በሪባኑ ላይ በጥቁር «ሙይ ኖብሬ ኢ ሴምፕሬ ሌያል ሲዳዴ ዴ ሊዝቦአ» ተብሎ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ እጅግ ክቡርና ዘወትር ታማኝ የሊዝበን ከተማ ማለት ነው። ሪባኑ ነጭ ነው። ጽሑፉን ወደ አማርኛ መቀየር አይገባም፤ የአርማው አካል ነውና። የሌላ ከተማ ሪባን ሲሆን ከፊደሎቹ በላይና በታች የሚገቡት ጭረቶችና ሞገዶች እንዳይቀሩ። ጥልፍ ሠሪው የክር ጭራ መስሎት ያልፋቸዋል፤ ሲቀሩ ግን የከተማው ስም በተሳሳተ ፊደል ተጻፈ ማለት ነው። ስለዚህ ጽሑፉን በወረቀት ላይ በትልቁ አትሙና ለጥልፍ ሠሪው ስጡ፤ በስልክ ስክሪን አሳይቶ ማሠራት አይበቃም።

ኮይምብራ ከታዘዘች ደግሞ በዋንጫው ግራና ቀኝ የሚፋለሙት ክንፍ ያለው እባብና አንበሳ ናቸው። አንበሳው ዘውድም መስቀል ያለበት ሰንደቅም የለውም። የሞዓ አንበሳ ምስል እጃችን ላይ ስላለ ሳናስበው እንዳንጨምርበት። ዘውድ የደፋችው ከዋንጫው የምትታየው ሴት ናት።

ስምንቱን ቁራጭ ማውጣት

የሚውለበለበው ባንዲራ ቁመቱ 2፣ ርዝመቱ 3 ነው። በአዳራሽ የሚቆመው ወይም በሰልፍ የሚያዘው ስታንዳርድ ደግሞ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ካሬ ነው፤ ከሐር ተሠርቶ አርማው ይጠለፍበታል፤ እንጨቱና ከጫፉ ያለው ጦር ወርቃማ፣ ገመዱና ዘለላው በባንዲራው ቀለም ይሆናል። ለውጪ 100 በ150 ሳንቲ ሜትር የሆነውን እንሥራ።

መስመሮቹ የሚነሡት ከመሀል ነው፤ አራቱ ወደ ማዕዘኖቹ፣ አራቱ ወደ ጎኖቹ አጋማሽ ይሄዳሉ። 8 ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ሁሉም እኩል ናቸው፤ አንዱ ጎን 50፣ ሌላው 75፣ ሰያፉ 90.1 ሳንቲ ሜትር፤ ቀጤ ማዕዘኑ የሚያርፈው ሁልጊዜ በባንዲራው ጠርዝ አጋማሽ ላይ ነው። በጠንካራ ካርቶን አንድ ንድፍ አውጡና ዙሪያውን 2 ሳንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ጨምሩ። ከነትርፉ ንድፉ 56 በ84 ያህል ይሆናል። ሹል ጫፎቹ ላይ ትርፉ ስለሚረዝም አትደንግጡ፤ ትክክል ነው።

አሁን ብዙ ጨርቅ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን። ቁራጮቹ እኩል ቢሆኑም አንድ አቅጣጫ የላቸውም። በየቀለሙ ካሉት 4 ቁራጮች 2ቱ የሌሎቹ 2 መስታወት ናቸው። ፖፕሊን ወይም ሁለቱም ፊቱ አንድ ዓይነት የሆነ ጨርቅ ከሆነ መገልበጥ ይበቃል። ሳቲን ግን ፊትና ጀርባ አለው፤ 4ቱንም በአንድ አቅጣጫ ከቆረጣችሁ 2ቱ ጀርባቸውን አውጥተው ይሰፋሉ፣ ብርሃን ሲመታቸው ደብዝዘው ይታያሉ። መፍትሔው ጨርቁን ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ ለሁለት አጥፎ በድርብ መቁረጥ ነው። 150 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጨርቅ ሲታጠፍ 75 ይሆናል፤ በዚያ ላይ ንድፉን አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ዞር አድርጋችሁ ሰያፍ ለሰያፍ ብታስቀምጡ ከ1 ሜትር ጨርቅ 4ቱ ከነመስታወታቸው ይወጣሉ። ስለዚህ ለሁለቱ ቀለም 1 ሜትር ከአንዱ፣ 1 ሜትር ከሌላው ይበቃል። ስታንዳርዱ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ 8ቱም 50 በ50 ስለሆኑ መስታወታቸውም ራሳቸው ናቸው።

ንድፉን ስታስቀምጡ 50ውና 75ቱ ጎን ከድርና ከማጉ ጋር ትይዩ ይሁኑ። ያን ጊዜ ሰያፉ ከድርም ከማግም ውጪ ስለሚያርፍ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በእጅ አንሥታችሁ ብታንጠለጥሉት ብቻ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ሊያድግ ይችላል። ገና በጠረጴዛው ላይ እያለ ከሰያፉ ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ አንድ መስመር ስፌት አሳልፉበት፤ ልክ ያስይዘዋል።

ጥቁርና ነጭ ሲሆን አንድ ፈተና አስቀድማችሁ አድርጉ። የጥቁሩን ቁራጭ በሳሙና ውኃ ነክራችሁ ነጩ ላይ እሹት። ቀለም ከለቀቀ ያ ጨርቅ አይሆንም፤ የመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ነጩን ግራጫ ያደርገዋል። ለደብረ ብርሃን ፀሐይና ነፋስ ጥጥ ከመሆን ፖሊስተር ይሻላል፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ውኃ አይዝም። የሚያብለጨልጭ የወርቅ ጨርቅ አትግዙ፤ ሲሰቀል ከሩቅ ቡናማ ይመስላል፤ ደማቅ ቢጫ በቂ ነው።

መስፋት

ከመስፋታችሁ በፊት 8ቱንም መሬት ላይ በቦታቸው ደርድሩና ከምስሉ ጋር አስተያዩ። ከላይኛው ጠርዝ አጋማሽ በስተቀኝ ያለው ቁራጭ የትኛው ቀለም እንደሆነ ተመልከቱ፤ እሱ ከተሳሳተ ሁሉም ይገለበጣል። በየቁራጩ ጀርባ ላይ በጠመኔ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጻፉ።

መጀመሪያ የሚሰፋው ሰያፉ ነው። ሁለት ሁለቱን ስታጋጥሙ 4 አራት ማዕዘን ይወጣል። እያንዳንዱ 54 በ79 መሆን አለበት። ከበለጠ ሰያፉ ተለጥጧል፤ ካነሰ ስፌታችሁ ከ2 ሳንቲ ሜትር አልፏል። አሁን ካላስተካከላችሁ በኋላ አይስተካከልም። ቀጥሎ የላይኞቹን ሁለት አጋጥሙ፣ የታችኞቹን ሁለት አጋጥሙ፣ በመጨረሻ በአንድ ረጅም አግድም ስፌት ላይና ታቹን አገናኙ። ከመሀል ጀምሩና ወደ ዳር ስፉ፤ ከዳር ጀምሮ የሰፋ ሰው መሀል ሲደርስ ጫፎቹ አይገናኙለትም። ሲያልቅ ሁለቱን ሙሉ ሰያፎች ለኩ። የቅምቅማቱን ትርፍ ሳትቆጥሩ ሁለቱም 180 ሳንቲ ሜትር ከጥቂት ሚሊ ሜትር ጋር መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌላው ከበለጠ ባንዲራው ተጣሟል።

ስፌቱን ስትተኩሱ የጨርቁን ትርፍ ሁልጊዜ ወደ ጥቁሩ ወገን አስተኙት። ወደ ነጩ ከተኛ የጥቁሩ ጠርዝ በነጩ ውስጥ እንደ ጥላ ይታያል። ፖሊስተር ላይ የከሰል ካውያ በቀጥታ አይነካም፤ እርጥብ ጨርቅ ከላይ አድርጉ።

መሀሉ ላይ 8 ስፌት ስለሚገናኝ 16 ንብርብር ትርፍ ጨርቅ ይከመራል። ማሽኑ መርፌ ይሰብርበታል፤ አርማውም ከላይ ሲደረብ እብጠት ይታያል። አርማው መሀሉን ስለሚሸፍነው ግን ማዳኛው ቀላል ነው። ከመሀሉ 4 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ክብ ስፉና ውስጡን ቆርጣችሁ አውጡት። ጉድጓዱ ከሁለት አርማዎች መሀል ይቀራል፤ ማንም አያየውም።

አርማው ለብቻው በነጭ ፖሊስተር ላይ ተሠርቶ ነው የሚደረበው፤ ከዘውዱ ጫፍ እስከ ሪባኑ 45 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለዚህ ባንዲራ ይመጥናል። ለስታንዳርድ ጥልፍ፣ ለውጪ ህትመት ይሻላል፤ ጥልፍ ውኃ ሲጠጣ ይከብድና ባንዲራው አይውለበለብም። አታሚ ቤት ስትሄዱ ሲጎላ የማይደበዝዝ ቬክተር ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ቅጂ አሳትሙ፣ አንዱ ለፊት አንዱ ለጀርባ። ለጀርባው የተገለበጠ ቅጂ አታሳትሙ፤ ያን ጊዜ ሪባኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ይሆናል። የአርማውን ዙሪያ በጠባብ ዚግዛግ ስፉ፤ ለሳቲኑ ቁጥር 11 መርፌ፣ ለገመድ ማስገቢያው ቁጥር 14 ተጠቀሙ። ሁለቱ አርማዎች ከተሰፉ በኋላ ብርሃን ላይ ስትይዟቸው ዘውድ በዘውድ ላይ ካልዋለ ፈትቶ መድገም ነው።

የጠርዙ ቅምቅማት 1 ሳንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋል። ከምሰሶው የራቀው ጠርዝ ግን የተለየ ነው። ነፋስ የሚበላው እሱን ስለሆነ በላዩ የ4 ሳንቲ ሜትር ማጠናከሪያ ጥብጣብ አድርጋችሁ በ4 መስመር ስፌት ያዙት፤ ሁለቱ ማዕዘኖች ላይ ደግሞ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ከጀርባ ደርቡ። በምሰሶው ወገን ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ሸራ ለሁለት አጥፋችሁ ገመድ ማስገቢያ ስፉበት። ይህ ሸራ ከ150ው ውጪ ነው፤ ከውስጥ ከተቆጠረ የባንዲራው መሀል ወደ ጎን ይሸሻል።

መስቀልና መጠገን

ከኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ጋር ሲሰቀል የክብር ቦታው የአገር ሰንደቅ ዓላማ ነው፤ የከተማ ባንዲራ ከእሱ አይበልጥም፣ ከእሱ በላይም አይወጣም። ከመሰቀሉ በፊት ዘውዱ ወደ ላይ መሆኑን ሰቃዩ አይቶ ያረጋግጥ፤ ጥቁርና ነጩ ሲገለበጥ በቀላሉ አይታወቅም፣ የሚታወቀው አርማው ነው።

ጣርማ በር አካባቢ ያለው ጭጋግና ነፋስ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የሚወርደው በረዶ ጨርቅ ይበላል። በረዶ ሊጥል ሲያጉረመርም አውርዱት፤ ማታም አታሳድሩት። እርጥብ ሆኖ አይታጠፍ፤ በተለይ ጥቁርና ነጩ እርስ በርሱ ተነካክቶ ካደረ ፈተናውን ያለፈ ጨርቅ እንኳ ሊያቀልም ይችላል። የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ነው፤ በረኪና አይነካውም።

የራቀው ጠርዝ መተልተል ሲጀምር ብዙ ሰው ተልታዩን ቆርጦ እንደገና ይቀመቅመዋል። ለአንድ ወጥ ቀለም ባንዲራ ያ ያስኬዳል። በ8 ለተከፈለ ግን አይሆንም፤ 5 ሳንቲ ሜትር ከተቆረጠ ሰያፎቹ ማዕዘኑን ይስታሉ፣ አርማውም ከመሀል ይወጣል። ትክክለኛው ጥገና በዚያ ጠርዝ በኩል ያሉትን ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ፈትቶ አዲስ ማስገባት ነው። ለዚህም የካርቶኑን ንድፍ አትጣሉ፤ በላዩ የከተማውን ስም፣ የማማውን ብዛትና ከላይ በስተቀኝ የዋለውን ቀለም ጻፉበት፤ ከተረፈው ጨርቅም ከየቀለሙ ሁለት ሁለት ቁራጭ አብሮ ይቀመጥ።